በሰፈሩት ቁና፤ በጎጃም ደጋ የመለኪያ መሣሪያ ምርጫ ታሪክ

የጎጃም ገበሬ እህሉን በቁና፣ መሬቱን በጥማድ፣ ሸማውን በክንድና በስንዝር ሲለካ ኖሯል። ቁናው ከገበያ ገበያ እንደሚለያይ፣ የረጅም ሰው ክንድ ከአጭር ሰው ክንድ እንደሚበልጥ ሻጭም ገዥም አሳምረው ያውቃሉ። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው አነጋገር በመሠረቱ ስለ ሰው ምግባር የተነገረ ቢሆንም፣ ለመሐንዲስ ግን ሌላም ትርጉም ይሰጣል። የማንኛውም ልኬት መነሻ የመሣሪያ ምርጫ ነው፤ በተዛባ ቁና የተሰፈረ ነገር ደግሞ ውሎ አድሮ ሰፋሪውን ራሱን ያሳፍራል።

ዛሬ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ የአየር ግፊት መለኪያ፣ በድምፅ ሞገድ ርቀት የሚለካ ዕቃ፣ የሙቀት መጠንን በቁጥር የሚናገር ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል በትርፍ ጊዜያቸው መሣሪያ በሚሠሩ ተማሪዎችና መሐንዲሶች እጅ ይገኛል። ከእነዚህም ውስጥ የትኛውን መምረጥ ይገባል? ስንት ዋጋ ቢከፈልበት ይበቃል? የተናገረው ቁጥርስ ምን ያህል ይታመናል? የሚሉት ጥያቄዎች አዲስ ይመስላሉ። ዳሩ ግን በጎጃም ደጋ እነዚህ ጥያቄዎች ከተነሡ ሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት አልፏቸዋል። ከግሽ ዓባይ እስከ ጨሞጋ ያለው የልኬት ታሪክ ሲመረመር፣ ያኔ የታየው ስሕተት ዛሬም በሌላ መልክ እየተደገመ መሆኑ ይገለጣል። ዓመታቱ በሙሉ የተጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የንጉሥ ስጦታ የሆነው ኳድራንት

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣቱ አስቀድሞ በሰሜን አፍሪካ ጠረፍ መርከቡ ተሰብራ መሣሪያዎቹን አጥቶ ነበር። በምትካቸው ሌላ ሲፈልግ ከፈረንሳዩ ንጉሥ ከሉዊ 15ኛ አንድ ትልቅ ኳድራንት ተሰጠው። ኳድራንት የክብ ሩብ ቅርጽ ያለው፣ ጠርዙ በዲግሪና በደቂቃ የተከፋፈለ፣ የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ ለመለካት የሚያገለግል መሣሪያ ነው። መሣሪያው በተለቀ መጠን የጠርዙ ክፍፍል ይሰፋል፤ ዓይንም በቀላሉ ያነበዋል። ለምሳሌ ያህል ከማእከሉ እስከ ጠርዙ አንድ ሜትር በሆነ ኳድራንት ላይ የአንድ ደቂቃ ስፋት 0.29 ሚሊሜትር ሲሆን፣ 30 ሴንቲሜትር ብቻ በሆነው ላይ ግን ከ0.1 ሚሊሜትር ያንሳል።

ትክክለኛነት ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። ከምጽዋ ወደ ደጋው በሚያስወጣው የታራንታ ተራራ ላይ ይህ ከባድ መሣሪያ በሰው ትከሻ መሸከም ነበረበት፤ ብሩስ ራሱም ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ ተሸክሞታል። በ1772 ወደ አገሩ ሲመለስ በኑቢያ በረሓ ግመሎቹ ቢያልቁበት መሣሪያዎቹን ጥሎ አስዋን ገባ፤ ኋላም ሌሎች ግመሎች ይዞ ተመልሶ አነሣቸው። የመሣሪያ ምርጫ የመሸከምና የመጠበቅ ጉዳይም መሆኑን ይህ በበቂ ሁኔታ ያስረዳል።

ብሩስ ግሽ ዓባይ የደረሰው ጥቅምት ወር ሊያልቅ ሲቃረብ፣ በ1770፣ ኖቬምበር 4 ቀን ነበር። ከእርሱ በፊት ስፔናዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1618 ምንጩን አይቶት ነበርና የመጀመሪያው ተመልካች አልነበረም። የብሩስ ጉብኝት ለመሐንዲስ የሚጠቅመው በሌላ ምክንያት ነው፤ ይኸውም በአንድ ቦታ ላይ ሦስት የተለያዩ ልኬቶችን ወስዶ ውጤታቸውን ጽፎ ማስቀመጡ ነው።

በመጀመሪያ የቦታውን ኬክሮስ በኳድራንቱ ለክቶ 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ያህል አገኘ። ዛሬ የሚታወቀው 10 ዲግሪ ከ58 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ስሕተቱ ሁለትና ሦስት ኪሎሜትር ቢሆን ነው። ሁለተኛው ኬንትሮስ ነበር፤ የጁፒተርን ጨረቃ ግርዶሽ ተመልክቶ 36 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ተኩል አለ። እውነተኛው ግን ወደ 37 ዲግሪ ከ12 ደቂቃ ይጠጋል፤ ልዩነቱም 30 ኪሎሜትር ያህል ይሆናል። ያው ሰው፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰሞን ሲለካ አንደኛው ውጤት ከሌላው ዐሥር ጊዜ በላይ የሳተበት ምክንያት ግልጽ ነው። ኬክሮስን ለማግኘት የማእዘን መለኪያ ብቻ ይበቃል፤ ኬንትሮስ ግን ሰዓትን ይጠይቃል፤ ምድር በአንድ የሰዓት ደቂቃ ሩብ ዲግሪ ስለምትዞር በጊዜ ላይ የተፈጸመች ትንሽ ግድፈት በካርታ ላይ የብዙ ሰዓት መንገድ ትሆናለች። የአንድ ሥራ ጠቅላላ ትክክለኛነት የሚወሰነው በሰንሰለቱ ውስጥ በጣም ደካማ በሆነው መሣሪያ ነው።

ሦስተኛው ልኬት ከሁሉ ይልቅ ያስተምራል። ብሩስ በግሽ የሜርኩሪ ቱቦ አቁሞ ከፍታው 22 የእንግሊዝ ኢንች ሆኖ አገኘው፤ ከዚህም ተነሥቶ ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ማይል ይበልጣል ሲል ደመደመ። ሁለት ማይል 3200 ሜትር ያህል ሲሆን የግሽ ትክክለኛ ከፍታ ግን 2750 ሜትር ገደማ ነው። ሆኖም 22 ኢንች ወደ ዛሬው መለኪያ ሲለወጥ 745 ሄክቶፓስካል ይሆናል፤ ይህም በአሁኑ ስሌት የአየሩ ሙቀት ታስቦ ሲሠራ ከ2600 እስከ 2700 ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል። እንግዲህ ቱቦው ብዙ አልዋሸም፤ የሳተው ግፊቱን ወደ ከፍታ የለወጠው ስሌት ነው። መሣሪያው የሚለካው ግፊትን እንጂ ከፍታን አይደለም። ይህ ልዩነት ዛሬም ወደ ኋላ ላይ እንደሚታየው ብዙዎችን ያሰናክላል።

በፈላ ውሃ ከፍታን መለካት

ከብሩስ ሰባ ዓመት ገደማ በኋላ አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ከ1838 እስከ 1848 ባለው ጊዜ ኢትዮጵያን ተዘዋውሮ ለካ። ወንድሙ አርኖ በጎጃም በደጃዝማች ጎሹ ዘንድ ቆይቷል። የአንቷን ዳባዲ ዘዴ ቀልጣፋ ነበር፤ ከአንድ ኮረብታ ላይ ቴዎዶላይቱን አቁሞ የሚታዩትን ጫፎች ሁሉ በማእዘን ይመዘግባል፤ ከሌላውም ኮረብታ ላይ እንደዚሁ ያደርጋል፤ ማእዘኖቹ ሲገናኙ የቦታዎቹ አቀማመጥ ይወጣል። በዚህ አኳኋን ከስምንት መቶ የሚበልጡ ቦታዎችን አስቀምጧል፤ ሥራውም ከ1860 ጀምሮ በፓሪስ ታትሟል።

ከፍታን ለመለካት ግን ረጅሙን የሜርኩሪ ቱቦ በበቅሎ ጭኖ መዞር ከባድ ነው፤ አንድ መሰናክል መስታወቱን ይሰብረዋል። ስለዚህ ዳባዲ በፈላ ውሃ የሚሠራውን ቴርሞሜትር ተጠቀመ። አየሩ በሳሳ መጠን ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በደብረ ማርቆስ ከፍታ፣ ማለትም በ2446 ሜትር ላይ፣ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ሽሮ ወጥ በደጋ ለመብሰል ጊዜ የሚወስድበት ምክንያት ይኸው ነው። በዚህ ከፍታ ላይ አንድ ዲግሪ ወደ 300 ሜትር ያህል ከፍታ ያመለክታል። በመሆኑም ቴርሞሜትሩ እስከ ዐሥረኛ ዲግሪ ድረስ ቢነበብ እንኳ ውጤቱ በ30 ሜትር ሊሳሳት ይችላል።

ዳባዲ ይህን ሳያውቅ አልቀረም። በረቀቀ ነገር ግን በጉዞ ላይ በሚሰበር መሣሪያና ረቂቅነቱ ባነሰ ነገር ግን መንገዱን በሚችል መሣሪያ መካከል ሁለተኛውን መረጠ። ተራሮችን በካርታ ላይ ለማስቀመጥ 30 ሜትር የሚታለፍ ስሕተት ነው፤ የመስኖ ቦይ ለመቅደድ ግን ፈጽሞ አይበቃም። ምርጫው ትክክል ወይም ስሕተት የሚባለው ከሥራው ዓላማ አንጻር ነው።

ከተጓዥ መሣሪያ ወደ ቋሚ ጣቢያ

በሃያኛው መቶ ዓመት የልኬቱ ዓላማ ተለወጠ። ዓባይ የት ይፈልቃል? የሚለው ጥያቄ ቀርቶ ስንት ውሃ ያወርዳል? የሚለው ተተካ። ግራብሃምና ብላክ በ1920 እና በ1921 የጣናን ሐይቅና መውጫውን አጠኑ፤ ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ ያየውን በ1936 በመጽሐፍ አወጣ። ነገር ግን ተጓዥ ምንም ያህል ቢተጋ ወንዝን የሚያየው ባለፈበት ዕለት ብቻ ነው። ወንዝ ደግሞ እንደ ተራራ ቆሞ አይጠብቅም፤ በየዕለቱ፣ አንዳንዴም በየሰዓቱ ይለወጣል። ስለዚህ መሣሪያው ከተጓዡ ተለይቶ በወንዙ ዳር መቅረት ነበረበት።

ይህ በሰፊው የተፈጸመው ቢሮ ኦፍ ሪክላሜሽን የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የውሃ ሥራ መሥሪያ ቤት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆኖ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባካሄደውና በ1964 ባሳተመው የዓባይ ተፋሰስ ጥናት ጊዜ ነው። በዚያው ወቅት በጎጃም ወንዞች ላይ የውሃ ከፍታ መለኪያዎች ተተከሉ። ከጮቄ ተራራ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚያልፈው ጨሞጋም ከ1960 ጀምሮ ፍሰቱ የተመዘገበለት ወንዝ ነው።

የወንዝ መለኪያው በመልኩ እጅግ ተራ ነው። በሴንቲሜትር የተከፋፈለ ቋሚ ሠሌዳ በወንዙ ዳር ይተከላል፤ በአካባቢው የሚኖር አንድ ሰው ጧትና ማታ እየወረደ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር ይጽፋል። የውሃው ፍጥነት በተለያየ ከፍታ በሚሽከረከር መለኪያ እየተለካ፣ ከፍታን ወደ ፍሰት የሚለውጥ ሠንጠረዥ ይዘጋጃል። ለዚህ ዕቃ ባትሪ አያሻውም፤ መብረቅ አይመታውም፤ ድካሙ ሌሊት የወረደ ጎርፍ ሠሌዳው ሳይነበብ ማለፉ ነው።

በ1984 በደምበጫ አቅራቢያ በአንጀኒ የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ይህን ጉድለት በሌላ መንገድ አሟላው። የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ በጋራ ባካሄዱት ፕሮግራም ሥር የተመሠረተው ይህ ጣቢያ 113 ሄክታር ያህል የሆነ አነስተኛ ተፋሰስ ይከታተል ነበር። ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሲደፈርስ ተመልካቹ ወርዶ በየ10 ደቂቃው አንድ ሊትር ውሃ በጠርሙስ ይቀዳል፤ ደለሉም ተጣርቶና ደርቆ ይመዘናል። ጠርሙስና ሚዛን፣ ከዚያም በላይ በዝናብ ውስጥ የሚቆም ትጉህ ሰው፤ ስለ ጎጃም አፈር መታጠብ ዛሬ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከእነዚህ ነው።

በየካቲት ወር ያለው ውሃ

የጨሞጋ መዝገብ ዋጋ የታየው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። በ2005 የታተመ አንድ ጥናት 364 ካሬ ኪሎሜትር የሆነውን የጨሞጋን ተፋሰስ ከ1960 እስከ 1999 ባለው መዝገብ መረመረ። የክረምቱ ዝናብና ፍሰት የታወቀ ለውጥ አላሳየም፤ በበጋው ወራት ግን ዝናቡ ጉልህ ለውጥ ሳያሳይ የወንዙ ፍሰት እየቀነሰ ሄዷል። ፍሰቱ ከሁሉ በሚያንስበት በፌብሩዋሪ ወር፣ ማለትም በጥርና በየካቲት፣ ዝናቡ በ55 በመቶ ሲቀንስ የወንዙ ውሃ በ94 በመቶ ቀነሰ። አጥኚዎቹ የተፈጥሮ ዕፀዋት መጥፋትን፣ የእርሻ መስፋፋትን፣ ከመጠን ያለፈ ግጦሽንና የባሕር ዛፍ መብዛትን በምክንያትነት አቅርበዋል።

ይህ ቁጥር የወረቀት ጉዳይ አይደለም። በየካቲት ከጨሞጋ ከብቱን የሚያጠጣ፣ ድንቹንና ሽንኩርቱን በመስኖ የሚያለማ፣ ለቤቱ የሚቀዳ ሕዝብ አለ። ስለ ጨሞጋ–የዳ የኃይል ማመንጫ የተሠሩት ዕቅዶችም በዚሁ ወንዝ ፍሰት ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ባሕር ዛፍ ይነቀል ወይስ ይቆይ? ከላይ ያለው መንደር ስንት ውሃ ይጥለፍ? ለሚለው ክርክር ዳኛው ያ በወንዙ ዳር የተተከለ ሠሌዳ ነው።

የመሣሪያ ምርጫ ነገር እዚህ ላይ ይከብዳል። የአንድ ወንዝ ፍሰት ከጥልቀቱ ካሬ ጋር ተመጣጣኝ ነው ብለን ብንነሣ፣ በክረምት ውሃው ሁለት ሜትር ሲሞላ የሁለት ሴንቲሜትር ስሕተት በፍሰቱ ላይ ሁለት በመቶ ብቻ ያስከትላል። በየካቲት ውሃው ዐሥር ሴንቲሜትር ሲሆን ግን ያችው ሁለት ሴንቲሜትር ፍሰቱን ከ40 በመቶ በላይ ታዛባዋለች። ሕዝቡ የሚጨነቅበት ውሃ መሣሪያው ከሁሉ በላይ የሚሳሳትበት ውሃ ነው ማለት ነው።

የኤሌክትሮኒክሱ ዘመን

እንግዲህ አንድ ወጣት መሐንዲስ በትርፍ ጊዜው ለእንደ ጨሞጋ ያለ ወንዝ ራሱን የቻለ መለኪያ ሊሠራ አሰበ እንበል። በጣም ርካሽ የሆነውና በብዙዎች ዘንድ የታወቀው በድምፅ ሞገድ ርቀት የሚለካው ኤች.ሲ.–ኤስ.አር. 04 ነው። በድልድይ ሥር ይሰቀላል፤ ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ውሃው ይልካል፤ ድምፁ ተመልሶ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። በሻጩ ወረቀት ላይ እስከ 3 ሚሊሜትር እንደሚለይ ተጽፏል። ይህን ያነበበ ሰው ሠሌዳውን ነቅሎ ቢጥል አያስደንቅም።

ነገር ግን ድምፅ በአየር ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት በሙቀት ይለወጣል። በ10 ዲግሪ በሴኮንድ 337 ሜትር ያህል፣ በ25 ዲግሪ ደግሞ 346 ሜትር ያህል ይጓዛል። የአየሩ መሳሳት ፍጥነቱን አይለውጠውም፤ የደጋው የበጋ ሌሊት ብርድና የቀትሩ ፀሐይ ግን ይለውጡታል። መለኪያው ከውሃው 3 ሜትር ከፍ ብሎ ቢሰቀልና ሠሪው አንድ ቋሚ ፍጥነት ብቻ ወስዶ ቢያሰላ፣ በሌሊትና በቀትር መካከል ስምንት ሴንቲሜትር የሚሆን የሐሰት ልዩነት ይፈጠራል። ቀትር ላይ ድምፁ ፈጥኖ ስለሚመለስ ውሃው የቀረበ፣ ማለትም የሞላ ይመስላል። በዐሥር ሴንቲሜትር ውሃ ላይ ስምንት ሴንቲሜትር! በዚህ መዝገብ መሠረት ጨሞጋ በየካቲት በየቀኑ ቀትር ላይ ሞልቶ በሌሊት የሚጎድል ወንዝ ይሆናል። ሦስት ሚሊሜትሩ ሐሰት አልነበረም፤ እርሱ ግን መሣሪያው የሚለየው ትንሹ ልዩነት እንጂ ትክክለኛነቱ አይደለም። የብሩስ ቱቦ ግፊትን እንጂ ከፍታን እንዳልለካ ሁሉ፣ ይህም ዕቃ የሚለካው ጊዜን እንጂ ርቀትን አይደለም።

መድኀኒቱ ውድ አይደለም። ርቀቱ አስቀድሞ በሜትር የተለካ አንድ ቋሚ ሳሕን ከመለኪያው ፊት ቢደረግ፣ ወደ ሳሕኑ የሚሄደው ድምፅ የዕለቱን ፍጥነት ራሱ ይናገራል። ወይም በጥላ ሥር የሙቀት መለኪያ ይጨመራል። ለዚህ የሚያገለግለው ዲ.ኤስ. 18 ቢ 20 የተባለው ዕቃ ከአንድ ዲግሪ ዐሥራ ስድስተኛ ያህል ለይቶ ቢያሳይም አምራቹ የሚዋስለት ግን እስከ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው፤ ግማሽ ዲግሪ በ3 ሜትር ላይ ከ3 ሚሊሜትር ያነሰ ስሕተት ስለሚያመጣ ለዚህ ሥራ ይበቃል። በገበያ ላይ አስመስለው የተሠሩ ብዙ ስላሉ ግን እያንዳንዱን በሚቀልጥ በረዶና በሚፈላ ውሃ መፈተን ያስፈልጋል፤ በደብረ ማርቆስ የሚፈላው ውሃ 100 ሳይሆን 92 ገደማ ማሳየት እንዳለበትም ሊዘነጋ አይገባም።

ሌላው ምርጫ በውሃው ውስጥ የሚጠልቅ የግፊት መለኪያ ነው። ይህ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። አንድ ሄክቶፓስካል ከአንድ ሴንቲሜትር ውሃ ጋር ይመጣጠናል፤ በአገራችን ዓይነት የሐሩር ምድር የአየሩ ግፊት በቀን ሁለት ጊዜ በጥቂት ሄክቶፓስካል ከፍ ዝቅ ይላል። የአየሩ ግፊት ካልተቀነሰለት መሣሪያው የሰማዩን ትንፋሽ ለወንዙ ይቆጥርለታል። ስለዚህ ወይ ወደ አየር የሚያስተነፍስ ቱቦ ያለው መመረጥ፣ ወይ በዳር ላይ ሁለተኛ የአየር ግፊት መለኪያ መቆም አለበት። በዚህ በኩል ቢ.ኤም.ፒ. 280 የሚባለው ትንሽ ዕቃ በሰፊው ታውቋል። እርሱም ቢሆን በጥሬ ንባቡ እስከ 1 ሄክቶፓስካል ሊሳሳት ይችላል፤ ይህ በደብረ ማርቆስ ከፍታ 11 ሜትር ያህል የሚሆን የከፍታ ስሕተት ነው። ለውጥን በመከታተል ረገድ ግን እጅግ የተሻለ ነው። ስለዚህ የተራራን ቁመት በእርሱ ለመናገር የሚሻ ሰው ይጠንቀቅ፤ የዛሬን ግፊት ከትናንቱ ጋር የሚያነጻጽር ግን በልበ ሙሉነት ሊጠቀምበት ይችላል።

ለዝናብ መለኪያም ቢሆን እንዲሁ ነው። ጥቂት ውሃ ሲሞላው እየተገለበጠ የሚቆጥረው ዓይነት መለኪያ በክረምት ዶፍ ጊዜ በሚገለበጥበት ቅጽበት የሚፈሰውን ውሃ ስለማይቆጥር አሳንሶ ይናገራል። ይህን ለመፈተን ላቦራቶሪ አያሻም። የአፉ ስፋት 20 ሴንቲሜትር የሆነ ክብ ማንቆርቆሪያ ስፋቱ 314 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ ስለዚህ 314 ሚሊሊትር ውሃ በዝግታ ቢንጠባጠብበት በትክክል 10 ሚሊሜትር ዝናብ መቁጠር አለበት። በፍጥነት ሲፈስበት ስንት እንደሚያጎድል መዝግቦ ማረም ይቻላል።

ከአዲስ አበባ 300 ኪሎሜትር ያህል ርቆ ለሚገኝ ሠሪ ዕቃ ሲበላሽ መተኪያ ማግኘት ቀናት ይወስዳል። በመሆኑም እጅግ ረቂቁን አንድ ከመግዛት መካከለኛውን ሁለት ገዝቶ ጎን ለጎን ማቆም ብዙ ጊዜ ይመረጣል፤ ሁለቱ ሲለያዩ አንዱ እንደታመመ ይታወቃልና። ከሁሉ በላይ ግን አዲሱ መሣሪያ ሲተከል አሮጌው ሠሌዳ መነቀል የለበትም። ሁለቱ ቢያንስ አንድ በጋና አንድ ክረምት አብረው ካልተነበቡ፣ ከ1960 ጀምሮ የተጠራቀመው መዝገብ ከአዲሱ ጋር አይገናኝም፤ ወደፊት የሚመጣ አጥኚም ወንዙ መለወጡን ወይስ መለኪያው መለወጡን ሊለይ አይችልም። የትኛው ዕቃ፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ተፈትኖ እንደተተከለ በደብተር መጻፍም የመሣሪያው አንድ ክፍል ተደርጎ ሊቆጠር ይገባል። የብሩስን ስሕተት ከሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት በኋላ ማረም የተቻለው ያነበበውን 22 ኢንች ከድምዳሜው ለይቶ ጽፎ በመተዉ ነው።

የጨሞጋ ውሃ በሚመጡት ዓመታት ይመለስ ወይም ይበልጥ ይድረቅ፣ ይህን የሚወስኑት ዝናቡ፣ የጮቄ ዕፀዋትና የሰው አያያዝ ናቸው። የተመለሰ ወይም የደረቀ መሆኑን በእውነት ለማወቅ ግን በየካቲት ወር ዐሥር ሴንቲሜትር ውሃን ሳይሳሳት የሚያነብ መሣሪያ በወንዙ ዳር መኖር አለበት፤ ያንንም መሣሪያ የሚመርጥ መሐንዲስ በስሌቱ ላይ የብዙ መንደሮች ውሃ እንደተጫነ አውቆ ይምረጥ።